ለማኅበርተኞቼ የከፈትኩት ብሎግ

ከካዛንቺስ የወጣሁት ማኅበርተኞቼን ሳልሰናበት ነው። መሸት ሲል ሻንጣዬን ታክሲ ላይ አስጭኜ፣ ልጆቼን ይዤ በማኅበራችን ትልቅ በእትዬ በቀለች በር ፊት አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። የቪዛ ነገር አገሩን ሳይረግጡ አይወራም ይባላል፤ እኔም አላወራሁም። ጭንቁ የማርያምን ጽዋ ተቀብዬ መሄዴ ነው። በሚመጣው ሃያ አንድ ማኅበሩን የምደግሰው እኔ ነበርኩ።

ባለቤቴ ቀድሞ ወደገባበት ወደ ኖርዌይ፣ በርገን ወደምትባል ከተማ ደረስን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤቱ ሞቃት ነው፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ገቡ። ዝናቡ ግን መስከረም የሚባል አያውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ሐምሌ ነው። ዳቦው መልካም ነው፤ «እንብላ» የሚል ግን የለም።

ጓደኛዬ አልማዝ በእኔ ተራ ገብታ እንደደገሰች በስልክ ሰማሁ። አፈርኩ። የማኅበር ይቅርታ ደግሞ በሁሉም ፊት ነው እንጂ በየስልኩ አይጠየቅም። እነሱም ተበትነዋል፤ ገሚሶቹ ካዛንቺስ፣ ገሚሶቹ ሰፈሩ ፈርሶባቸው ኮንዶሚኒየም፣ ሁለቱ ቤይሩት።

«ብሎግ ክፈቺ» አለችኝ አልማዝ። «ያለንበት ሆነን ሁላችንም እናነበዋለን።»

የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ያስተምራል፤ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ኢንግሪድ ትባላለች።

«ብሎጉ ላይ ምን ልትጽፊ ነው?»

«ደኅና መሆናችንን። ይቅርታም ልጠይቅ ነው።»

«ማንን?»

«አሥራ አንድ ሴቶችን።»

ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «ምን አድርገሻቸው ነው?»

«ሳልደግስላቸው መጣሁ።»

«ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ሁለት ዓይነት የብሎግ መልክ አሳየችኝ። አንደኛው ዙሪያውን አበባ በአበባ ነው፤ ሁለተኛው ነጭ ሜዳ። አበባውን ከፈትኩ። አልማዝ እዚያው አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ካለ ኢንተርኔት ካፌ ሆና አየችውና ደወለች።

«አበባው ግማሹ መጣ። ጽሑፍሽ ግን በቃ ሳጥን ሳጥን ነው፤ አንድ ፊደል የለውም!»

ነጩን ስንሞክር አማርኛውን ቁልጭ አድርጎ አወጣው። እሱን መረጥኩ።

«ባዶ ነው እኮ» አለች ኢንግሪድ።

«ይነበባል» አልኳት።

ይቅርታዬን ጻፍኩ። ከሥር አስተያየት መስጫ ቦታ አለ። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፤ ማንም የለም። ሁለት ሳምንት፤ ማንም። የጎብኚው ቁጥር ግን በየቀኑ ይጨምራል። አንብበው ዝም አሉኝ፣ ቆርጠውኛል ማለት ነው ብዬ አለቀስኩ። ወሩ በገባ በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ ለማኅበሩ ተሰብስበው ሳሉ፣ ለአልማዝ ደወልኩ።

«አላነበባችሁትም እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው? አሳትሜ ለእትዬ በቀለች ሦስቴ አንብቤላቸዋለሁ።»

«ታዲያ አንዳችሁ እንኳ ብትጽፉልኝ ምናለ?»

«እንዴ! ትልቃችን ሳይናገሩ ማን ቀድሞ አፉን ይከፍታል? እሳቸው ደግሞ ኮምፒዩተር አይነኩም።»

እኔም የማኅበሩን ወግ ረስቼው ኖሯል። ስልኩን ለእትዬ ሰጠችልኝ።

«አንቺ ቀበጥ፣ ደኅና ነሽ?»

«ይመስገን፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ቪዛ ደብቀሽ ሄድሽ። እኔስ ብሆን መች አወራ ነበር? ይቅር ብለንሻል።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «በሉ አሁን ጻፉላት! እስከ አሁን ምን አስቀመጣችሁ?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

በማግስቱ ብሎጉን ስከፍት የሁሉም መልስ ደርሷል፣ የቤይሩቶቹም ጭምር። ሁሉም የሚጀምረው «እትዬ በቀለች እንዳሉት» ብሎ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። የእትዬን ቃል አልማዝ ጽፋላቸዋለች፦ «ተራሽ ግን አልተሰረዘም። መቼ ነው መጥተሽ የምትደግሺው?»

«እግዚአብሔር ሲፈቅድ» ብዬ መለስኩ። ሌላ የምጽፈው አጣሁ፤ ቁጭ ብዬ ስማቸውን አንድ በአንድ አነበብኩ።