መጋዙ ሳይቆም ሰላምታ የለም

የፈንታው ተራ ቀን የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ጎህ ሲቀድ ከቤቱ እስከ ላሊበላው አምራቾች ማኅበር እንጨት ሥራ ቤት የአንድ ሰዓት ቁልቁለት፤ ሲመለስ ያው መንገድ ዳገት ሆኖ ይጠብቀዋል። ኪሱ ውስጥ አንድ እፍኝ የሽንብራ ቆሎ። ዓይኑ ውስጥ ገብቶ እስኪመሽ የሚቆረቁር የባሕር ዛፍ ብናኝ። እራት እስኪቀርብ ከጆሮው የማይወጣ የሞተር ጩኸት። ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው፤ ከባዱ ሰላምታው ነው። በአንድ ተራ ቀን ሰባት ስምንት ሰው በሩ ላይ ብቅ ብሎ “እንደምን ዋላችሁ?” ይላል። ፈንታው ግን መጋዝ ላይ ከሆነ ቀና አይልም፤ አይመልስም፤ አይነሣም። በላስታ ደግሞ ሽማግሌ ሲገባ ያልተነሣ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል።

ስለዚህ ፈንታው ሲመሽ በቀጥታ ቤቱ አይገባም። የሥራ ጓደኛው አብደላ ከመጋዙ ወዲያ ማዶ ቆሞ የተሰነጠቀውን እንጨት ስለሚቀበል፣ ፊቱ ወደ በሩ ነው፤ የመጣውን ሁሉ ያያል።

“ዛሬ ስንት ናቸው?” ይለዋል ፈንታው ሞተሩ ሲጠፋ።

“ስድስት። እትዬ ይማርሽ ግን ሁለት ጊዜ ነው የመጡት፤ ሁለቴ እጅ ንሣቸው።”

ፈንታው ጋቢውን ለብሶ ይወጣል። ከደጅ ደጅ እየዞረ ቆቡን ያወልቃል፤ ጎንበስ ይላል፤ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ይዘረጋል። “እንደምን ዋሉ? ቀን መጋዝ ላይ ነበርሁ።” አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ጠላ ይቀዳለታል። ሚስቱ ዓለምእሸት ጎረቤት ባሏ የት እንዳለ ሲጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ “ለሰላምታ ዘምቷል፤ ዘመቻው ሲያልቅ ይመጣል።”

መጋዙ የመጣው ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ነው፤ ለተማሪ ቤት ዴስክና ለመጠለያ በር መሥሪያ ተብሎ። ሁለት ትልልቅ መዘውሮች አሉት፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። በሁለቱ ላይ ጥርሳም ብረት እንደ ቀበቶ ተጠምጥሞ ይዞራል። ያላወቀው ሰው የሚፈራው ጩኸቱን ነው። ያወቀው የሚፈራው እርጋታውን ነው፤ ምክንያቱም ብረቱ ፍጥነት ሲያገኝ ጥርሱ አይታይም። ከላይ ወደ ታች የተወጠረ፣ የቆመ ክር ይመስላል። ልጅ እንኳ በጣቱ መንካት ያምረዋል።

መጀመሪያ በመጋዙ ላይ የቆመው አራጋው ነበር፤ እጀ ወርቅ የሚባል አናጢ። አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ደምቆ ሳለ፣ ከሙጃ የመጡ ያገሩ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ። አራጋው እንዳደገበት፣ እንደ እናት አባቱ ወግ፣ “ኖር!” ብሎ ዞረ። ፊቱ ሲዞር ትከሻው ተከተለው፤ ትከሻው ሲዞር እጁ ተከተለው። ሽማግሌው “በእግዜር” ብለው ሳይጨርሱ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ሄዱ። ደሙን በኩታው ያሰረለት ፈንታው ነው። ዛሬ አራጋው ንብ ያንባል፤ የሸሚዙን ቁልፍ ግን ሚስቱ ናት የምትቆልፍለት።

ፈንታው በቦታው ሲተካ መጀመሪያ ያደረገው ኖራ በጥብጦ ከመጋዙ ሦስት እርምጃ ርቆ መሬቱ ላይ እንግዳ የማያልፈው መስመር ማስመር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራው እንደ ጸሎት ተራ አለው። ጋቢው ምስማሩ ላይ ይሰቀላል። ማተቡ ሸሚዙ ውስጥ ገብቶ ቁልፉ እስከ አንገት ይዘጋል። እጅጌው ከክርን በላይ ይጠቀለላል። አሮጌ ሳንቃ ከሆነ፣ ምስማር የደበቀ እንዳይሆን በመዶሻ ኳ ኳ እያደረገ ያዳምጠዋል፤ በመዳፉም ይዳብሰዋል። የመጋዙን መከለያ ከእንጨቱ በላይ አንድ ጣት ብቻ እስኪቀር ዝቅ ያደርገዋል። ከዚያ በባዶው አስነሥቶ ድምፁን ይሰማል፤ የሚያቃስት ከሆነ ያጠፋዋል። የመጨረሻዋን ስንዝር ደግሞ በእጁ ገፍቶ አያውቅም፤ የሚገፋበት የወይራ ቁራጭ አለው። “በዚች ስንዝር የሚበላው ሌላ ጣት አበጀሁለት” ይላል።

ሲያጠፋውም አይቸኩልም። ሞተሩ ዝም ካለ በኋላ መዘውሩ ገና ይዞራል። ፈንታው ያን ጊዜ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በሽማግሌ ፊት እንደቆመ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ዞሮ ሰው የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ የዓለምእሸት አባት ቄስ ምስጋኑ ከሚያገለግሉበት ከነአኩቶ ለአብ ደብር መጡ። ያመጡት አንድ የጥድ ሳንቃ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያናቸው ቤተ ልሔም፣ መሥዋዕቱ ለሚዘጋጅበት ቤት፣ በር። ዓለምእሸት ሴት ልጅ ከተገላገለች ሃምሳ ቀኗ ነበር። ክርስትናው በሰማንያ ቀን ስለሆነ፣ ልጅቱን የሚያጠምቋት አያቷ እንደሚሆኑ ከእርግዝናዋ ጀምሮ ተነግሮ ያለቀ ነገር ነው። ዓለምእሸት ሁለት ልጅ ቀብራለች። ይችን በአባቴ እጅ ካስጠመቅሁ ትቆይልኛለች ብላ ልቧ ላይ አስራዋለች።

ቄስ ምስጋኑ የኖራውን መስመር አላዩትም፤ ቢያዩትም መስመር ለካህን አይመስላቸውም። ተሻግረው ሄዱና መስቀላቸውን ከአማቻቸው ጉንጭ አጠገብ ዘረጉ።

ፈንታው የመስቀሉን ጫፍ በዓይኑ ጠርዝ አየው። የማን እጅ እንደሆነም አወቀ። አንገቱ ሳያዝዘው ሊዞር ፈለገ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲዞር የኖረ አንገት ነው። መጋዙ ላይ ያለው ሳንቃ ገና እኩሌታው አልተሰነጠቀም፤ ሁለት እጁ ላዩ ላይ ነው። ጥርሱን ነክሶ ገፋ። የቀረው ቢበዛ አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚያስደግም ጊዜ ነበር። ጨርሶ፣ አጥፍቶ፣ መዘውሩ ቆሞለት ዘወር ሲል የጥዱ ሳንቃ በሩ ላይ ተደግፏል፤ ቄሱ ግን የሉም።

“ሄዱ እንዴ?” አለ።

“ሄዱ እንጂ! ወላሂ ፈንታው፣ እኔ እስላሙ እንኳ ልሳለም ምንም አልቀረኝም!” አለ አብደላ።

ቄስ ምስጋኑ በልጃቸው ደጅ ሲያልፉ አልገቡም። በጎረቤት በኩል ግን ቃል ላኩ፦ “መስቀል ካልተሳለመ ሰው ቤት እህል አልቀምስም። ልጅቱን ሌላ ካህን ያጥምቃት።”

ዓለምእሸት ያን ማታ አልጮኸችም፤ ባሏንም አልወቀሰችም። ሕፃኗን እያጠባች፣ “ሠላሳ ቀን አለን” ብቻ አለች።

ፈንታው የመጀመሪያውን እሑድ ነአኩቶ ለአብ ሄደ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰልፎ መስቀል ሲሳለም እሱም ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ቄስ ምስጋኑ መስቀሉን ጉያቸው ከተቱት። በሁለተኛው እሑድ አጥሩ ሥር ጠበቃቸው።

“አባ፣ መጋዙ ነው እኮ…”

“እኔን መጋዝ አልበደለኝም” ብለው አለፉ።

ከተማው ደግሞ ወሬ አያጣም። ፈንታው ካድሬ ሆኗል፣ ክዷል ተባለ። ጭራሽ ብሎ ብሎ በማኅበሩ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ጓድ ቢሆነኝ ተነሡና፣ “ጓዶች! ከመካከላችን አንድ ወዛደር ለመስቀል አልንበረከክም ብሏል። ለጓድ ፈንታው እናጨብጭብ!” አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ።

ፈንታው ጆሮው ጋለ። ዝም ቢል ጭብጨባው ሳይመሽ ነአኩቶ ለአብ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የልጅቱ ክርስትና ነገር አበቃ። ተነሣ። ማተቡን ከሸሚዙ ውስጥ አወጣ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ጭብጨባው የኔ አይደለም። እኔ መስቀል አልጠላሁም፤ ማተቤም ይኸው አንገቴ ላይ ነው። መጋዙ እየዞረ ስለነበር ነው። እርስዎም በዚያች ሰዓት ቢመጡ አልነሣም። አብዮቱ ራሱ በሩ ላይ ቢቆም አልዞርም።”

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ ሦስት ጣት ያለው እጅ። አራጋው ነው፤ የማኅበሩን ማር ሊያስረክብ የመጣ።

“እኔ ዞሬ ነበር” አለ። “ይኸው።”

ጓድ ቢሆነኝ እጁን አዩት፤ ፈንታውን አዩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ “ጓዶች፣ ይህ… የሥራ ዲሲፕሊን ይባላል። እናጨብጭብ!” አሉ። ሁለተኛው ጭብጨባ ከመጀመሪያው በረታ፤ አብደላማ ከሳቁ የተነሣ ከወንበሩ ወደቀ።

በማግስቱ አራጋው ማንም ሳይልከው ነአኩቶ ለአብ ሄደ። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሆን ሰም ይዞ ነው የሄደው። ቄስ ምስጋኑ ሰሙን ሲቀበሉት እጁን አዩ። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አይተውት ያውቃሉ፤ ማሽን በላው ሲባል ሰምተዋል፤ እንዴት እንደበላው ግን ጠይቀው አያውቁም። ያን ቀን ጠየቁት። አራጋው ስለ “ኖር” ነገራቸው። እሱ ሲመለስ ቄሱ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው እንደቀሩ አራጋው ይናገራል።

ልጅቱ በተወለደች በሰባ አራተኛው ቀን ጠዋት ፈንታው የዴስክ እግር እየሰነጠቀ ነበር። ከማዶ የአብደላ ዓይን አንድ ጊዜ በትከሻው ላይ አልፎ ወደ በሩ ሄደ፤ ወዲያው ተመልሶ እንጨቱ ላይ ወደቀ። ፈንታው አልዞረም። አንዱን ጨረሰ። ሁለተኛውን አስገባ፤ የመጨረሻዋን ስንዝር በወይራው ገፋ። ሦስተኛውንም። አጠፋ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንገቱን ደፋ። መዘውሩ ሾረ፣ ሾረ፣ ደከመ፣ ቆመ።

ዘወር ሲል ቄስ ምስጋኑ ከኖራው መስመር ውጭ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የእግራቸው ጣት መስመሩን ነክቷል እንጂ አላለፈም። ኩታቸው ምስማሩ ላይ፣ ከፈንታው ጋቢ ጎን ተሰቅሏል።

“ኖር!” አለ ፈንታው፤ ጉልበቱም አብሮ ተንበረከከ።

“በእግዚአብሔር። ቆመ?”

“ቆሟል አባ።”

“በደንብ ቆመ?”

“በደንብ።”

ያን ጊዜ ተሻገሩ። መስቀሉን ግን ግንባሩ ላይ አላደረጉትም። ሁለት እጁን ያዙና ገለበጧቸው፤ ብናኙን በመዳፋቸው ጠረጉለት። ከዚያ መስቀሉን በየጣቱ ላይ እያስነኩ ቀስ ብለው ይቆጥሩ ጀመር፤ “አንድ… ሁለት… ሦስት…” የግራ እጁ ሌባ ጣት ላይ ሲደርሱ መስቀሉን ትንሽ አቆዩት፤ ቀጠሉ። “…ዘጠኝ። አሥር።” ትንፋሽ ወሰዱና፣ “ሙሉ ናቸው” አሉ፤ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። “ልጅቱን ታቅፍባቸዋለህ።”

“ሦስት የዴስክ እግር ሙሉ ነው ቆመው የጠበቁህ!” አለ አብደላ፤ ሲያፍን የቆየው አምልጦት። “ላጫውታቸው ብል እኔንም በመቋሚያቸው ዝም አሰኙኝ!”

“ያንተም እጅ ሥራ ላይ ነበራ” አሉት ቄሱ።

የጥዱን ሳንቃ ያን ቀን ሰነጠቁት። ቄስ ምስጋኑ ጫፉን ልያዝ ቢሉ ፈንታው የቀሚሳቸውን ሰፊ እጅጌ አይቶ እምቢ አላቸው፤ እሳቸውም እንደ ታዘዘ ልጅ ወደ መስመራቸው ተመለሱ። በሰማንያኛው ቀን ሕፃኗ ተጠመቀች፤ አያቷ አመተ ሥላሴ አሏት። ውኃው ሲነካት ቤተ ክርስቲያኑ እስኪያስተጋባ ጮኸች። ዓለምእሸት ግን ሳቀች፦ “እንዲህ የምትጮኽ ልጅ ትቆያለች።” ይኸው ቆይታለች፤ ዛሬ የአባቷን ቆብ እየደበቀች ፈልግ ትለዋለች።

ታሪክህ ሊጻፍ ነው ሲባል ፈንታው መጀመሪያ አፈረ። በኋላ ግን፣ “ከጻፋችሁት አይቀር ላነበበው ሰው ይችን ለምኑልኝ” አለ፦

“ላሊበላ ብትመጡና ሞተር ሲጮኽ ብትሰሙ፣ በሞቴ፣ እለፉ አልላችሁም፤ ግቡ። ጋቢያችሁን ምስማሩ ላይ ስቀሉና ኖራው ላይ ቁሙ። ስሜን አትጥሩ፤ ሽማግሌም ብትሆኑ፣ ካህንም ብትሆኑ፣ የሥጋ ዘመዴም ብትሆኑ አትጥሩኝ። በየሀገራችሁም መጋዝ ላይ የቆመ ሰው ካለ እንዲሁ አድርጉለት። ሳልነሣላችሁ ብትሄዱ ደግሞ አትቀየሙኝ፤ ያረፋችሁበትን ቤት ለአብደላ ንገሩት። ማታ እመጣለሁ።”