የዐሥር ዓመቱ ካርድ

ጋሽ ኣስመላሽ ማርቲንዴል ሰፈር ያለውን የሚከራይ ቤዝመንታችንን ሊያዩ የመጡት በፈረንጆቹ 2024 መግቢያ ላይ፣ ካልጋሪ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስድስት በወረደችበት ሳምንት ነው። ባለቤቴ ዳዊት በር ሲከፍት ውጭ ደረጃው ላይ ቆመው ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲታገሉ አገኛቸው።

"ኧረ ጋሼ፣ ይግቡ! እግርዎን ሊያጡ ነው እንዴ?" ብሎ እጃቸውን ይዞ አስገባቸው።

ዕድሜያቸው ሃምሳ ስድስት ነው። በዚያ ቀን ግን ሰባ የሞላቸው መስለውኝ ነበር። ታች ስንወርድ አልጋውንም፣ ማሞቂያውንም፣ መታጠቢያ ቤቱንም አላዩም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እዚህ ታች ስልክ ይሠራል? ባለቤቴ ያለችው እንግሊዝ ነው። እሷ ከሥራ ስትወጣ እዚህ ገና ጠዋት ነው።"

ይሠራል አልኳቸው። "እንግዲያው ይበቃኛል" አሉና ሻንጣቸውን አስቀመጡ።

አሥመራ ተወልደው ጨርቆስ ያደጉ ናቸው፤ የተማሩት በአማርኛ ነውና አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። በካልጋሪ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ ትራክ ሊነዱ በሥራ ፈቃድ መምጣታቸውን በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩን። የቀረውን ግን ያወቅሁት በቁራሽ በቁራሽ ነው። ከቫንኩቨር መንገድ ሲመለሱ ሾርባ ወይ ሽሮ ይዤ እወርዳለሁ፤ እሳቸው እየበሉ ትንሽ ይናገራሉ፤ ሲደክማቸው ያቆማሉ። እኔም አረጋውያን መጦሪያ ቤት የምሠራ ነርስ ረዳት ስለሆንኩ፣ ባለቤታቸው እትዬ ገኒም እንግሊዝ ውስጥ በዚሁ ሙያ ላይ ስላሉ፣ ለእኔ መናገር ሳይቀላቸው አልቀረም።

በሃያ ዓመታቸው በሱዳን በኩል ወጥተው ሆላንድ ገቡ። ሮተርዳም ወደብ ሠሩ፣ ዜግነት አገኙ፣ እትዬ ገኒን አገቡ፣ ዊንታና ተወለደች። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሲሆናት እናትና አባት ተመካክረው ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። ያን ጊዜ ለሆላንድ ዜጋ ቪዛ የለ፣ ፈቃድ የለ፤ ዕቃን በመኪና ጭኖ መሄድ ብቻ ነው።

"ከጨርቆስ ሳሪስ ቤት እንደ መቀየር ነበር" ይሉ ነበር።

ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ጎመንና ድንች በሚመረትበት ሜዳማ አገር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ተቀመጡ። ጋሽ ኣስመላሽ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አወጡና ሮተርዳም ተመላላሽ ሆኑ። ሲሄዱ ሥጋ፣ ሲመለሱ ቲማቲምና አበባ ይጭናሉ። ከድርጅቱ አሥራ ስምንት ሾፌሮች አሥራ ሁለቱ ፖላንዶችና ሮማንያዎች ነበሩ። በሁሉም ቋንቋ መሳደብ እንደሚችሉ ሲነግሩኝ ብቻ ነው ፊታቸው ፈታ ሲል ያየሁት።

ከዚያ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ልውጣ ብላ ድምፅ ሰጠች። አሠሪያቸው በማግስቱ ትከሻቸውን መታ አድርጎ "ይሄ አንተን አይመለከትም" አላቸው። ጋሽ ኣስመላሽ ግን ሁለት ስደት ያዩ ሰው ናቸውና በሰው ቃል አልተኙም። ሰማንያ አምስት ገጽ ፎርም ሞልተው፣ የአምስት ዓመት የደመወዝ ወረቀት አያይዘው፣ የቋሚ ነዋሪነት ካርድ አወጡ። ካርዱ ላይ ዐሥር ዓመት ያገለግላል የሚል ቀን ታትሞበታል።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ካርድ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥት ለአውሮፓ ዜጎች ሁሉ አዲስ ምዝገባ አወጀ። እትዬ ገኒ በልጃቸው ስልክ ተመዘገቡ። ዊንታና አባቷንም ለመነቻቸው።

"አባዬ፣ ሊሰን፤ ያ ካርድ ከእንግዲህ አይሠራም እያሉ ነው። አፕላይ ማድረግ አለብህ። ላይክ፣ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።"

"ዐሥር ዓመት ይላል። ማንበብ ትችያለሽ አይደል?"

"ዩ ኖው፣ ሕጉ ተቀይሯል እኮ።"

"መንግሥት በራሱ ማኅተም የሰጠኝን መንግሥት አይክደኝም" አሉና ቁልፋቸውን አንሥተው ወጡ።

ይህን ሲነግሩኝ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ቅድስትዬ፣ አሥር ደቂቃ ነበር። እምቢ ያልኩት ሰንፌ አይደለም። ልጄ ፊት፣ ወረቀቴን በወጉ የያዝኩ ሰው መሆኔን ላሳይ ብዬ ነው።"

በ2021 መጀመሪያ ድንበሩ በእውነት ተዘጋ። ድሮ ሳይቆሙ የሚያልፉበት ኬላ አሁን ወረቀት በወረቀት ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት በሥጋው ወረቀት ላይ ያለው የእንስሳት ሐኪም ማኅተም ቀለሙ ልክ አይደለም ተብለው የበግ ሥጋ እንደ ጫኑ ሁለት ቀን ቆሙ፤ ጭነቱም ተመለሰ። በዚያው ጉዞ ሆላንድ ወደብ ላይ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ የምሳ ዕቃቸውን ከፈተ። እትዬ ገኒ የቋጠሩላቸው የሥጋ ፍርፍር ነበር። ከእንግሊዝ ሥጋ ይዞ መግባት አይቻልም አላቸው።

"እኔ እኮ የዚህ አገር ዜጋ ነኝ" አሉት በሆላንድኛ።

"አንተ ነህ፤ ምሳህ ግን አይደለም" አለና ከነዕቃው ወስዶ ጣለው።

ሮማንያዎቹ አንድ ባንድ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት መጸው አገሩ በሙሉ ሾፌር አጣ፤ መደብሮች መደርደሪያቸው ሳሳ፣ ሬዲዮው ሾፌር ያለህ እያለ ይጮህ ጀመር። መንግሥት ለአውሮፓ ሾፌሮች የሦስት ወር ቪዛ እሰጣለሁ ሲል፣ ጋሽ ኣስመላሽ ለአንዱ ለሄደው ጓደኛቸው ደወሉለት።

"ለገና የሚበሉትን ላድርስላቸውና ከገና በኋላ ልባረር?" ብሎ ሳቀባቸው።

ለጥቂት ወራት ደመወዝ ጨመረ። ግን የአውሮፓ ደንበኞች ወረቀቱ ሰልችቷቸው ሥጋውን ከሌላ አገር ማስመጣት ጀምረው ነበር። አሥራ ስምንቱ መኪና ስድስት ሆነ፤ በ2023 በጋ ድርጅቱ ተዘጋ። መንገዳገዱን አይተው ለካልጋሪው ሥራ ለመጠባበቂያ ፎርም ሞልተው ነበር እንጂ የመሄድ ሐሳብ አልነበራቸውም። እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላ ድርጅት ሊቀጥራቸው ጠራቸው። የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ካርዱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና "ኮድህን ስጠኝ" አለቻቸው። የተመዘገበ ሰው ሁሉ መሥራት እንደሚችል የሚያሳይ ኮድ አለው። እሳቸው የላቸውም። ካርዱ ከሁለት ዓመት በፊት ሞቷል።

ለሁለት ዓመት ያለ ፈቃድ ሲሠሩ መኖራቸውን ያወቁት ያን ቀን ነው።

ዘግይተው አመለከቱ። "አላወቅሁም ነበር" የሚለው ምክንያት በቂ አይደለም የሚል መልስ በኢሜይል መጣላቸው። አሥራ ሰባት ዓመት ግብር በከፈሉበት አገር እቤት ቁጭ ብለው የሚስታቸውን ሺፍት የሚቆጥሩ ሰው ሆኑ። የካልጋሪው ሥራ ሲሳካ፣ "ሁለት ዓመት ብቻ" ብለው ሄዱ። እትዬ ገኒ ሥራቸውም፣ ያረገዘች ልጃቸውም እዚያ ስለሆኑ ቀሩ።

እዚህ መንጃ ፈቃዳቸውን እንደ ጀማሪ ተፈትነው አወጡ። በዚያ ክረምት የሮኪ ተራሮችን በረዶ ሲያቋርጡ በየአቀበቱ እየወረዱ ጎማቸው ላይ ሰንሰለት ያስሩ እንደነበር የነገረኝ አብሯቸው የሚሠራው መዝገቡ ነው፤ እሳቸውማ ቃል አይተነፍሱም።

ገና ወር ሳይሞላቸው፣ አንድ ቀን ጠዋት ከታች ጩኸት ሰማሁ። እየሮጥኩ ስወርድ ስልኩን ፊታቸው ይዘው ቆመዋል። ዊንታና ናት።

"አባዬ፣ ደንቡን አሻሽለውታል! ያንን ካርድ የያዘ ሰው ዘግይቶም ቢሆን አፕላይ ማድረግ ይችላል!"

"አሁን? ከወጣሁ በኋላ?"

"ካልጋሪ ሆነህም ይቻላል፤ ፕሊስ፣ አባዬ።"

"ሁለተኛ አልለምናቸውም!" ብለው ዘጉባት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ያሹ ጀመር።

ለሁለት ወር ያህል ስለዚህ ጉዳይ ሊያናግሩኝ አልፈለጉም። በመጨረሻ እኔ ደፈርኩ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እትዬ ገኒ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ ያውቃሉ?"

"አሥራ ሁለት።"

"ሰው ከአልጋ የሚያነሡትስ ስንት ሆነው?"

ቀና ብለው አዩኝ። እኔ አውቅ ነበር፤ እትዬ ገኒ ራሳቸው በስልክ ነግረውኛል። የፖርቱጋልና የፖላንድ ባልደረቦቻቸው ከሄዱ ወዲህ፣ አልጋ ላይ ያለውን፣ ሁለት ሠራተኛ ሊያነሣው የሚገባውን ሰው ብቻቸውን ነው የሚያነሡት። እኛም ዘንድ ሰው ሲጎድል የሚሆነውን ስለማውቅ ፈርቼላቸው ነበር።

"እሺ፣ ማመልከቻውን አምጪው" አሉ ጋሽ ኣስመላሽ። ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ስልኩን ይዤ፣ ፊታቸውን አዙረው፣ ፓስፖርታቸውን ስካን አድርገን ላክነው። አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

መልሱ ግን ወራት ወሰደ። ጸደይ አለፈ፣ በጋ አለፈ። የልጅ ልጃቸው ተወለደ፤ በስልክ አዩት።

ኅዳር ላይ የፈራሁት ደረሰ። እትዬ ገኒ አንዲት ከባድ አሮጊት ብቻቸውን ከአልጋ ወደ ወንበር ሲያዞሩ ሴትዮዋ ከእጃቸው ሊወድቁ ሆነ፤ እሳቸው አልለቅም ብለው ያዟቸው። ሴትዮዋ ተረፉ። የእትዬ ገኒ የጀርባ አጥንት ግን ተጎዳ፤ ሆስፒታል ገብተው ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው።

ዳዊት ጋሽ ኣስመላሽን ኤርፖርት አደረሳቸው። እንግሊዝ ሲደርሱ የድንበር ሹሙ መዝገባቸውን አይቶ "አንተ እዚህ ያለ ፈቃድ ሠርተሃል" ብሎ አራት ሰዓት አስቀመጣቸው። ሚስታቸው ሆስፒታል መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት ካዩ በኋላ እንደ ጎብኚ አስገቧቸው። ሦስት ሳምንት ሚስታቸውን አጠቡ፣ አገላበጡ፣ መገቡ። ከዚያ የካልጋሪው አሠሪያቸው የዕረፍት ፈቃድህ አልቋል አለ፤ የካናዳው ሥራ ፈቃዳቸው ደግሞ በእሱ ስም የታሰረ ነው። ተመለሱ።

ሲመለሱ ያየኋቸውን አልረሳም። ሻንጣውን ሳይፈቱ ሁለት ቀን ከታች አልወጡም። በሦስተኛው ቀን ምግብ ይዤ ስወርድ፣ "ቅድስትዬ፣ ገኒ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? 'የማላውቃትን ሴት ሳልለቅ ይዤ አንተን ለቀቅሁህ' አለችኝ። ጥፋቱ የእሷ ይመስል" አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የእንግሊዙ የመኖሪያ ፈቃድ የመጣው የካቲት ላይ ነው። ኢሜይሉ ሦስት መስመር ነበር፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። እልል አላልንም። ዳዊት ብቻ "እንኳን ደስ አለዎት" አለ፤ እሳቸውም በጨዋነት "እንኳን አብሮ ደስ አለን" አሉ። በወሩ ሄዱ።

እዚያ ሲደርሱ መንዳት ይችሉ ነበር። ሾፌር የሚፈልግ አልጠፋም፤ ግን የረጅም መንገድ ሥራ ነው፣ ከቤት ውጭ የሚያሳድር። እትዬ ገኒ ማታ ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ መነሣት አይችሉም። ስለዚህ ጋሽ ኣስመላሽ ከቤታቸው የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ያለ የአትክልት ማሸጊያ ገቡ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት፣ በቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ቆመው አበባ ጎመን ላስቲክ ያለብሳሉ። ድሮ ከሮማንያ የመጡ ሰዎች ይሠሩት የነበረ ሥራ ነው። አሁን አብረዋቸው የሚቆሙት ከኪርጊስታንና ከኔፓል በስድስት ወር ቪዛ የመጡ ናቸው።

"ስማቸውን ስለምድ ይሄዳሉ፤ ሌሎች ይመጣሉ" አሉኝ ባለፈው እሑድ በስልክ። "አንዷ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። 'አንተ እዚህ ስንት ወር ሆነህ?' አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?"

"ምን አሏት?"

"ሰባት ወር አልኳት።"

እትዬ ገኒ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። ሐኪሙ ወደ ሥራ አይመለሱም ብሏል። በየቀኑ ከሥራ መልስ በከዘራ ያስለማምዷቸዋል፤ መጀመሪያ እስከ በሩ ነበር፣ ከዚያ እስከ ጎረቤቱ አጥር። ቅዳሜ ዕለት በሰፈራቸው ከሚያልፈው ቦይ ድልድይ ደርሰው ነበር። ሲመለሱ ሁለት ቦታ መቀመጥ ነበረባቸው፤ በሁለተኛው ላይ ዝናብ ያዛቸው።