የመቃብራችን እሬት

የሱዳኗ ገዳሪፍ ዋልካ አፈር መቃብር ይውጣል። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ድንጋይ ብታቆምበት እንኳ ይሰምጣል። ከጎንደር በኩል የመጣን ሙስሊም ነጋዴዎች የሟቾቻችንን ቦታ የምናውቀው ራስጌያቸው ላይ በምንተክለው እሬት ነው። እሬቱ ከጠፋ ሰውየውም ጠፋ ማለት ነው።

የአባቴን እሬት ከመተማ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሌላውም ሰው ሐዘን ሲደርስበት ከሥሯ የሚወጣውን ቡቃያ እየነቀለ ወሰደ። ስለዚህ መቃብሩን የሞላው እሬት ሁሉ ያችው አንዲት ተክል ነበረች። በየዓመቱ ቀይ አበባ ታወጣለች፣ ወፎች ይረባረቡባታል፣ ዘር ግን ቋጥራ አታውቅም። መካን ናት ብለን ተውናት።

ካርቱም ጦርነት ሲነሳ ሸሽቶ የመጣ አንድ ያገራችን ወጣት እዚህ ደርሶ በወባ ሞተ። ከአባቴ ጎን ቀበሩት። ያ ቦታ ለእናቴ ያሰብኩት ነበር! ጮህኩ፣ ተጣላሁ፤ የሰማኝ የለም። እናቱ ድንበሩን መሻገር ስላልቻሉ ከጓሯቸው አንድ ትልቅ እሬት ከነሥሩ በሹፌር እጅ ላኩ፤ ራስጌው ላይ ተተከለ። ቅጠሉ ነጭ ነጠብጣብ አለበት፣ የእኛን አይመስልም።

ሁለቱ ሲያብቡ ወፎቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመላለሱ። ብዙም ሳይቆይ የአባቴ እሬት ዘር ቋጠረች። ዓይኔን ማመን አቃተኝ! ዘሩን በዘይት ጣሳ ዕቃ በምሸጥበት ዱካኔ በር ላይ አበቀልኩት፤ ቡቃያዎቹ ጠንከር ሲሉ ወስጄ አባቴ ራስጌ ላይ ከአሮጌዋ ጎን ተከልኳቸው።

በዚያው ክረምት ውኃ መቃብሩ ላይ ተኛ። አሮጌዎቹ እሬቶች በሙሉ አንድ ላይ በሰበሱ፤ ለካ አንድ አካል ናቸው። የወጣቱም እሬት ሄደ። ከዘር የበቀሉት ግን ያው ውኃ ውስጥ ቆመው ወፍረው ወጡ፣ ቅጠላቸውም ነጠብጣብ ነበረው። ቆሜ አየኋቸው፣ ደነገጥኩ።

ባለፈው ወር መንገድ ሲገኝ የወጣቱ እናት መጡ። መቃብሩን ላሳያቸው ይዣቸው ሄድኩ። እኔ ሳልናገር ቀድመውኝ ሄዱና አባቴ ራስጌ ላይ ተደፉ። ነጠብጣቡን ቅጠል እየዳበሱ "ልጄ! ልጄ!" ይላሉ።

"እማማ፣ ይሄ የአባቴ ነው" አልኳቸው እንደምንም። "የልጅዎ እዚህ ነው፣ ከጎኑ።"

"እንዴት ይሆናል? ቅጠሉ ከኔው ጓሮ አይደለም እንዴ?"

የላኩት እሬት በውኃ እንደጠፋ፣ ይሄ ግን ከእሱና ከአባቴ እሬት እንደተወለደ ነገርኳቸው። እጃቸውን ከቅጠሉ አላነሱም።

"ሳይወልድ ነው የሞተብኝ" አሉ። "የልጅ ልጅ ልበለው?"

ከአባቴ ራስጌ አንዱን ነቀልኩና፣ ለእናቴ ብዬ በተጣላሁበት ቦታ፣ በልጃቸው ራስጌ ላይ በእጄ ቆፍሬ ተከልኩላቸው።