ጸጥ ብሎ የሠራ ድራይቨር

አሮጌ ኮምፒውተሮችን ከኔትወርክ የሚያገናኘውን፣ ድራይቨር የሚባለውን ሶፍትዌር አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ ሲጠግን የኖረው አንድ ፕሮግራመር ብቻ ነበር። የኔትወርክ ካርዱ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር እንደ ልጅ ይደነቅ ነበር።

ባለፈው ወር ድራይቨሩን የያዘው የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮግራም ኃላፊዎች፣ «በአምስት ዓመት አንድም ሰው ችግር አላመለከተም፤ ተጠቃሚ የለውም» ብለው ሊሰርዙት ተነሡ። «ያልጮኹት ስለሚሠራላቸው ነው!» ብሎ ቢማጸን ሰሚ አላገኘም፤ ተሰረዘ።

ዛሬ የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ ታላቅ እህቱ ደወለች። «አንተ፣ የኮምፒውተሩን ዋና ፕሮግራም ብናድሰው አሮጌው ማሽናችን ከኔትወርክ ጠፋ። የበሽተኞች ውጤት መላክ አቃተን፤ እባክህ ድረስልን!»

«ምነው እትዬ፣ በአምስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ብትጮሁ ኖሮ!»

«ምን ብለን እንጩህ?» አለችው። «ይሠራ ነበር እኮ!»