ባሌ ጀልባ ያልተሳፈረበት ደሴት

ልጃችን ሥራ በያዘች በመጀመሪያው ዓመት ለእኔና ለአባቷ የሞሪሺየስ ጉዞ ገዛችልን። ሳታማክረን ነው የገዛችው፤ ብታማክረን እምቢ እንደምንል ታውቃለች። ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ካትሌሆንግ ያለው ስፓዛችን፣ ትንሹ የሰፈር ሱቃችን፣ ከእሁድ ጠዋትና ከገና ቀን በቀር ተዘግቶ አያውቅም ነበር። ከተማው ውስጥ ትሮይቪል ያለው ቤታችንም ማደሪያ እንጂ መኖሪያ አልነበረም።

«ማሚ፣ ቮልካኖ የሠራው ደሴት ነው» አለችኝ ስልኳን እያሳየችኝ። «ዶንት ዎሪ፣ አይፈነዳም። ድሮ የጠፋ ነው። ክሬተሩን፣ የፈነዳበትን ጉድጓድ ታያላችሁ፣ ባለ ሰባት ቀለም አፈር አለ፣ በጀልባ ወደ ትንሿ ደሴት ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ ቢች ላይ መተኛት ነው።»

«ተኝተን ምን እንሠራለን?» አለ አባቷ።

«ምንም። ሆሊዴይ እኮ ነው ባባ።»

ባሌ ምንም አለመሥራት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ዕድሜውን ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ቆሞ ዳቦና የሞባይል ካርድ ሲሸጥ ያሳለፈ ሰው ነው። ቢሆንም ልጁ በመጀመሪያ ደሞዟ የገዛችውን እምቢ ማለት ከበደው። የአጎቴ ልጅና ሚስቱ ሱቁን ሊይዙልን ተስማሙ፤ ሰኔ ላይ፣ ጆሃንስበርግ በውርጭ ነጭ ሆና ባነጋችበት ጠዋት ተነሣን።

እዚህ ላይ ስለ ባሌ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ ወደ ደቡብ አፍሪካ የመጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ በመንገድ የመጣና በአየር የመጣ። ወንዶቹ አብዛኞቹ በመንገድ ነው የመጡት፤ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በሞዛምቢክ አድርገው። ሱቅ ሲከፈትና ወረቀት ሲስተካከል ደግሞ ሚስቶቻቸውን በአውሮፕላን ያስመጣሉ። እኔ በአየር የመጣሁ ነኝ። ስለ እሱ መንገድ የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛው፣ የተወሰነውን በባሕር መምጣቱን። ሁለተኛው፣ ዱራሜ አጠገብ ካለው ሰፈራችን አብሮት የተነሣው አብሮ አደጉ መንገድ ላይ መሞቱን። እንደተጋባን ሰሞን ስጠይቀው «አለፈ እኮ» ይለኝ ነበር። ኋላ ላይ መጠየቄን ተውኩት። ጉዞው ሲታሰብም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ባሕሩ ትዝ አላለኝም።

አውሮፕላኑ ሲወርድ እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። መጀመሪያ ሰማያዊ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በመሃሉ አረንጓዴ መሬት ብቅ አለ፤ ሸንኮራ አገዳ የለበሰ ሜዳና ከሜዳው ላይ በድንገት የተነሡ ሹል ሹል ተራሮች። «እየው» አልኩት። አንገቱን ሳያዞር «አየሁት» አለኝ።

የሆቴል ክፍላችን ፊት ለፊቱ ባሕር ነበር። የተቀበለችን የሆቴሉ ሠራተኛ በረንዳውን ከፍታ በኩራት አሳየችን። ከሄደች በኋላ ባሌ የበረንዳውን በር ዘጋው፣ መጋረጃውንም ሳበው። ቁርስ ስንበላ ወንበሩን ወደ አትክልቱ ያዞራል። ሐሳቡ ሱቁ ጋ የቀረ መሰለኝ። በየሰዓቱ ወደ ካትሌሆንግ እየደወለ ወተት መጣ ወይ፣ መብራት አለ ወይ እያለ ይጠይቃል። የአጎቴ ልጅ በመጨረሻ ስልኩን ማንሣት ተወ።

በማግሥቱ ሾፌር ያዝን። አያቶቻቸው ከሕንድ የመጡ፣ በዕድሜ ከእኛ ገፋ ያሉ፣ እንግሊዝኛቸው ጥሩ የሆነ ሰውዬ ናቸው። በየአገዳው ማሳ መሃል ጥቁር ድንጋይ እንደ ትንሽ ኮረብታ ተከምሮ አየንና ምንድን ነው አልናቸው።

«እሳተ ገሞራው የተፋው ድንጋይ ነው» አሉ። «መሬቱ በሙሉ እንደዚህ ነበር። አያቶቼ አገዳ ሊያርሱ ሲመጡ በእጃቸው እየለቀሙ ነው የከመሩት።»

ባሌ መኪናውን አስቁሞ ወረደ። ድንጋዩን በእጁ መዘነው፣ አገላብጦ አየው። ከመጣን ወዲህ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው። «ቀላል ነው፤ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው» አለኝ። አባቱ ገበሬ ስለነበሩ መሬት ነክ ነገር ሁሉ ደስ ይለዋል። ባለ ሰባት ቀለሙን አፈር ያየነውም ያን ቀን ነው። ቀይ፣ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ እየሆነ እንደ ማዕበል የተኛ ራቁት ኮረብታ ነው፤ በእንጨት አጥር ዙሪያውን እየዞሩ ያዩታል እንጂ አይረግጡትም። እኔ ሰባቱን ቀለም ለመለየት ስሞክር ባሌ «ይሄ አፈር ምንም አያበቅልም ማለት ነው» ብሎ አዘነለት። ግቢው ውስጥ ግዙፍ ኤሊዎች ነበሩ፤ አንዱን ጀርባውን ደባበሰው። መንገድ ዳር በክክ የተሞላ ስስ ቂጣ ተጠቅልሎ ሲሸጥ አገኘንና ቆመን በላን። ደግሞ ጨመረ። መልመድ ጀመረ ብዬ ደስ አለኝ።

በሚቀጥለው ቀን ሾፌሩ ወደ ደቡቡ ጠረፍ ወሰዱን። በሌላው በኩል ባሕሩን የኮራል ድንጋይ አጥር ስለሚከልለው ውኃው እንደ ኩሬ የተኛ ነው። በደቡብ ግን አጥሩ የለም፤ ማዕበሉ ከሩቅ እየተንደረደረ መጥቶ ጥቁሩን ገደል ይመታዋል። እኔ ወርጄ ወደ ገደሉ ሄድኩ። ውኃው ሲመታ እግሬ ሥር ያለው መሬት ይሰማኛል። ፎቶ አንሣኝ ልለው ዞር ስል የለም።

ሾፌሩ በእጃቸው ጠሩኝ። «ማዳም፣ ባለቤትዎን ያመማቸው መሰለኝ።»

ባሌ መኪናው ውስጥ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። የፊተኛውን ወንበር በሁለት እጁ ጨብጦ ይዞታል። በዚያ ቅዝቃዜ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ከዚህ እንሂድ» አለኝ።

ሾፌሩ ምንም ሳይጠይቁ መኪናውን አዞሩና ወደ ደጋው ይዘውን ወጡ። የእሳተ ገሞራው አፍ የነበረው ጉድጓድ ከተማ መሃል ነው ያለው፤ ዙሪያውን ሰው ሶምሶማ ይሮጥበታል። ከላይ ሆነው ሲያዩት የሚያስፈራ ነገር የለውም። ግድግዳው ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ፣ ታቹ አረንጓዴ ረግረግ ነው። ካፊያ ነበር፤ ብርዱም ከጆበርግ የተከተለን ይመስላል። አፋፉ ላይ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሾፌሩ ሻይ ላምጣ ብለው ራቅ አሉ።

ባሌ ዓይኑን ከጉድጓዱ ሳይነቅል በከምባትኛ መናገር ጀመረ። ቤት ውስጥ ለልጃችን ብለን አማርኛና እንግሊዝኛ ስለምንቀላቅል፣ በእኛው ቋንቋ ረጅም ነገር ሲያወራ ከሰማሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

«ጀልባዋ ዓሣ ማጥመጃ ነበረች» አለ። «ከኬንያ ጠረፍ ነው የጫኑን። ከላይ መረብ አልብሰውን እርስ በርስ ተደራርበን ተኝተናል። ሞተሯ መሃል ላይ ቆመ። ውኃው አለቀ። እሱ የባሕሩን ውኃ መጠጣት ጀመረ። ተው እለዋለሁ፣ አይሰማኝም።»

እሱ የሚለው አብሮ አደጉን መሆኑን አውቄያለሁ። እጁን ያዝኩት።

«ጭኔ ላይ ነው የሞተው። ሌሎቹም ደክመዋል። ባለ ጀልባው ይጣል አለ። እምቢ አልኩ። ሁለተኛም ሲል አቅም አልነበረኝም። እኔው በእግሩ በኩል ይዤ ነው ያወረድኩት። የለበሰው ሹራብ ውኃው ላይ ትንሽ ተነፋ፤ ከዚያ ሄደ።»

«ለቤተሰቦቹ ምን አልካቸው?»

«መንገድ ላይ ሞተ አልኳቸው። የት ተቀበረ ሲሉ ሞዛምቢክ አልኩ። ሌላ ምን ልበል? መቃብር የለውም ልበላቸው?»

ሾፌሩ ሻዩን ይዘው መጡና የባሌን ፊት አይተው ኩባያዎቹን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ተመለሱ። ሻዩን ጠጣን። እኔ አላለቀስኩም። ሳላውቅ አብሬው የኖርኩት ነገር ብዛቱ ነው ያስገረመኝ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር አንዴ ምሳ አልበላም ብሎ ያስቸገረኝ፣ የባሕር ጠረፍ ከተማዋ ደርባን የነበረ ሠርግ የቀረው፣ ልጃችንን ዋና ትምህርት ላለማስገባት የተጨቃጨቅነው፣ ሁሉም አንድ በአንድ መጣብኝ።

«የነገውን ጀልባ እንተወዋለን» አልኩት። ልጃችን የትንሿን ደሴት ጉዞ አስቀድማ ይዛልን ነበር።

«አንቺ ለምን ትተያለሽ? ሂጂ። አይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

«ብቻዬን?»

«ሰዉ አለ እኮ።»

ጠዋት ወደቡ ድረስ ሸኘኝ። ከጀልባው ርቆ፣ አንድ የዓሣ አጥማጆች መጠለያ ሥር ቆመ። የጀልባው ልጆች የነፍስ አድን ጃኬት ሲያለብሱኝ በዓይኑ ሲከታተል አየሁት። አጠገቤ የተቀመጡት ከሶዌቶ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሴትየዋ በዙሉኛ ሰላምታ «ሳውቦና፣ ማ» አለችኝ። ካትሌሆንግ እንደምንሠራ ስነግራት የእህቷ ቤት እዚያ ነበርና ወዲያው ተግባባን።

«ባባ የት ቀሩ?» አለችኝ፣ ባሌን ማለቷ ነው።

«ውኃ ይፈራል» አልኳት። ቆቤን ሆቴል ረስቼ ስለነበር ሻርፗን አውልቃ ሰጠችኝ።

እኔ ከዚያ በፊት ለራሴ ደስታ ብዬ ብቻዬን የትም ሄጄ አላውቅም። ጀልባው ከወደቡ ሲርቅ ጎንበስ ብዬ ወደ ታች አየሁ። ውኃው በጣም ጥርት ያለ ስለነበር የጀልባው ጥላ አሸዋው ላይ አብሮን ሲሄድ ይታያል። መጀመሪያ ወንዝ ባሕር ወደሚገባበት አፍ ወሰዱን። ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ፣ ከላዩ የሚወርድ ፏፏቴ፣ ገደሉ ላይ የሚዘሉ ጦጣዎች። ከዚያ ትንሿ ደሴት። ጥድ የመሰሉ ዛፎች፣ ነጭ አሸዋ፣ በከሰል የሚጠበስ ዓሣና ዶሮ። ከሶዌቶዋ ሴት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን እስከ ደረታችን ውኃው ውስጥ ገባን። ውኃው አፌ ውስጥ ሲገባ ጨውነቱን ቀመስኩና የባሌ ጓደኛ ትዝ አለኝ። ቶሎ ወጣሁ። ልብሴ እስኪደርቅ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ፤ መልሼ ግን ገባሁ። ማዘኑም መደሰቱም ሆነ።

ስንመለስ ባሌ ከመጠለያው ሥር የለም። ጀልባው ሲጠጋ ነው ያየሁት፤ የእንጨት መረማመጃው ጫፍ ላይ፣ ውኃው በሁለቱም በኩል እየታየው ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። የጀልባው ልጅ እጁን ሊሰጠኝ ሲል እሱ ቀደመና ክንዴን ይዞ ሳበኝ፤ መሬት እስክንደርስም አልለቀቀኝም።

ወደ ሆቴል ስንመለስ ስለ ፏፏቴው ልነግረው ስጀምር አቋረጠኝ። «ስንት ሞተር ነበረው?»

«ሁለት።»

«ውኃ ጭነው ነበር? የሚጠጣ?»

«በሳጥን ሙሉ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እሺ፣ አሁን ስለ ፏፏቴው ንገሪኝ» አለኝ።

ጆሃንስበርግ ከተመለስን በኋላ ባሌ አንድ እሁድ ከቸርች ስንመለስ ሱቅ አንከፍትም አለ። ትሮይቪል ቤታችን ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ለጓደኛው ታላቅ ወንድም ዱራሜ ደወለ። እንድሰማው ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው። አፋፉ ላይ ለእኔ እንደነገረኝ አድርጎ፣ ምንም ሳይቀንስ ነገራቸው። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ መነገሩን ይቅርታ ጠየቃቸው።

«ጭንህ ላይ ነው ያልከው?» አሉ ወንድምየው።

«አዎ።»

«እኛ እኮ ብቻውን ጫካ ውስጥ የወደቀ ነበር የሚመስለን። እናታችን እስክትሞት ድረስ ጅብ በላው ትለን ነበር።» ከዚያ «ተጸለየለት?» አሉ።

«እኔ ጸለይኩ። አባታችን ሆይን ብቻ ነው የቻልኩት፤ እሱንም ጉሮሮዬ ደርቆ አልጨረስኩትም።»

«ይበቃል ልጄ» አሉት።

ባሌ ስልኩን ዘግቶ መኝታ ቤት ገባ። እስኪመሽ ተኛ። እኔ ቡና አላፈላሁም፣ ሰውም አልጠራሁም፤ ሳሎን ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ያሉትን የደሴቱን ፎቶዎች ሳይ ዋልኩ። በሳምንቱ እነሱ ሰፈር በቤተ ክርስቲያን ስሙን ጠርተው እንደጸለዩለት፣ ባሕር ላይ መሞቱንም ለጉባኤው እንደተናገሩ ደውለው ነገሩን።

ባሌ ባሕርን ከዚያ በኋላም አልወደደም። ልጃችን በዓመቱ ደግሞ ሌላ ደሴት ስታመጣ «በደረቅ መሬት ከሆነ እመጣለሁ» አላት። ድራከንስበርግ ተራራ ሄድን። የአጎቴ ልጅ በዚያ ሰሞን ስላልተመቸው ሱቁን ቆልፈነው ነው የሄድነው። ከሱቁ ማዶ ያሉት፣ ጎጎ የምንላቸው አሮጊት ዳቦ ፍለጋ መጥተው ተዘግቶ ስላገኙት፣ ባሌን በሰፈሩ አጠራር «ማይ ፍሬንድ ሀብታም ሆኗል» እያሉ እስካሁን ለሰፈሩ ያወራሉ።