ከጭኑ የተቆረጠችው

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር እሸት ባቄላ መፈልፈል ነበር። ሞጣ፣ ደጃችን ፀሐይ ላይ ተቀምጠን እኔ እፈለፍላለሁ፣ ባሌ ሳህኑን ታቅፎ ያወራኛል። ጣቶቹ መላጥ ካቃታቸው ቆይቷል። በሳምንቱ አረፈ፤ ተወልዶ ባደገበት ቢቸና ተቀበረ።

አርባው እንዳለፈ ስልክ ተደወለልኝ። ድምፅዋን ወዲያው አወቅሁት።

እኔና ባሌ ወጣት መምህራን ሳለን ነው ያየኋት። ባሌ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን በእጁ መግፋት ጀምሮ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በሚኒባስ አቧራ እየቃምን ባሕር ዳር ሄድን። የተቀበለችን የጡንቻ በሽታ የምታጠና ዶክተር ነበረች፤ እኩያዬ፣ ጥርሰ መልካም።

"ጡንቻ ሲጎዳ የሚጠግኑት ግንደ ሴሎች አሉ፤" አለችው ጭኑን እየዳበሰች። "ተኝተው ይጠብቃሉ። ሰው ሲያረጅ መንቃት ይከብዳቸዋል። የእርስዎ ግን ገና በወጣትነትዎ ጥገናው በዝቶባቸው ይሆናል። ከጡንቻዎ ትንሽ ቆርጠን እንይ?"

"የኔ ተማሪዎች ናቸዋ! ካልተጎነተሉ አይነቁም፤" አላትና ተሳሳቁ።

መድኃኒት ቢገኝ እንኳ ለእሱ እንደማይደርስ ነገረችው። "ለሚቀጥለው ሰው ይድረስ" ብሎ ፈቀደላት፤ ስትቆርጠውም ይስቅ ነበር።

ስንመለስ አዴት ላይ ለምሳ ወረድን። ሽሮው እስኪቀዘቅዝ አልነካሁትም።

"ምነው?" አለኝ።

"ለኔ እንዲህ ስቀህልኝ ታውቃለህ?"

"አንቺ ሴት! ሥጋዬን በቆረጠች ይቀናል?"

"ይቀናል።"

"እንግዲያው ነገ አንቺም ቢላ ያዢ።"

ከስንት ዓመት በኋላ የደወለችው ያቺው ዶክተር ነበረች።

"እህቴ፣ ያኔ የወሰድነው ሴል በቅዝቃዜ ተጠብቆ አለ። አዲስ ምርምር ልንጀምርበት ስለሆነ የእርስዎን ፈቃድ እንፈልጋለን። ካልፈቀዱ እናስወግደዋለን።"

"በሕይወት አለ?"

"አዎ፤ ሲሞቅ ነቅቶ ይባዛል።"

"አርጅቷል?"

"አላረጀም። እንደዚያን ቀኑ ነው።"

እኔ ያጎረስኩት፣ ያገላበጥኩት፣ ተሸክሜ ፀሐይ ላይ ያወጣሁት ሰውነት አፈር ገብቷል። ወጣቱ ባሌ ግን እሷ ዘንድ ነው። "አስወግጂው" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሁለተኛ ጊዜ መቅበር፣ ያውም በገዛ ቃሌ፣ አልሆንልሽ አለኝ።

"ይቀመጥ፤" አልኳት። "አንቺው ነሽ የምትይዢው?"

"ወጣቶቹ ተመራማሪዎች ናቸው እንጂ። እኔማ እጄ ይንቀጠቀጣል።"

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ በወጣቶቹ ቀናሁ። መልካቸውን እንኳ አላውቅም።

የሞጣውን ቤት ለቅቄያለሁ። አሁን ቢቸና፣ ከመቃብሩ አጠገብ ባለው ሰፈር እኖራለሁ።