በጠመኔ የተሰመረው ቢሮ

ጓደኛዬ አዲስ አበባ የነበራትን የሶፍትዌር ሥራ ትታ ደብረ ማርቆስ ስትመለስ ብዙ ሰው «ምን ነካት?» አለ። እሷ ግን ቆርጣ ነበር የመጣችው። ገበያው አጠገብ ባዶውን የተቀመጠ የእህል መጋዘን ተከራየች። ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ሰዎች፣ በቡድንም ሆነ ለብቻቸው፣ መብራትና ኢንተርኔት ተጋርተው የሚውሉበት ቢሮ ልታደርገው ነው። አርክቴክት ስለሆንኩና አብረን ስላደግን ንድፉን እንድሠራላት ጠራችኝ።

ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ መሀሉን ለስብሰባ ለቅቄ ሳልኩት። አየችውና «ቆንጆ ነው፤ ግን ሰው ሳይቀመጥበት እንዴት ይታወቃል?» አለች። ጠመኔ ገዝታ መጥታ ሲሚንቶው ወለል ላይ እያንዳንዱን ጠረጴዛ በልኩ አሰመረችኝ። ከዚያ ሊሠሩበት የሚፈልጉትን ጠርታ «እስቲ ቦታ ቦታችሁን ያዙ» አለቻቸው።

ከመጡት አንዱ መስማት የተሳነው የድረ ገጽ ባለሙያ ነበር፤ እህቱ በምልክት ቋንቋ ልታስተረጉም አብራው መጥታለች። ወንበር ስቦ በተሰመረለት ቦታ ተቀመጠ። ወዲያው ዞሮ በሩን አየ። ፊቱን መለሰና ደግሞ ዞረ። ጓደኛዬ አጠገቡ ሄዳ ቁጢጥ አለችና፣ እህቱን ሳይሆን እሱን እያየች፣ «ምን አስቸገረህ?» አለችው።

እጆቹ ፈጠን ፈጠን አሉ። እህቱ ተቀብላ «ጀርባዬን ለበሩ ከሰጠሁ ሰው መምጣቱን የማውቀው ትከሻዬን ሲነካኝ ነው፤ ሁልጊዜ እደነግጣለሁ፤ ነው የሚለው» አለች።

«ለእሱ አንድ ጥግ እናዘጋጅለታ» አልኩ።

«ለምን ጥግ? ከሰው ጋር ሊሠራ አይደል የመጣው?» አለችና እርጥብ ጨርቅ ይዛ ያሰመርነውን ሁሉ ማጥፋት ጀመረች። ያን ያህል የደከምንበትን ስትፈገፍገው ፊቷ ላይ ቅር የማለት ምልክት እንኳ አላየሁም። እሱም ጠመኔውን አነሳና አዲሱን መስመር ራሱ ጀመረው። ጠረጴዛዎቹ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይዘው ተገጠሙ፤ ክፍት ጎናቸው ወደ በሩ ሆነ፤ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል።

ቢሮው ተከፍቶ ሥራ ከተጀመረ በኋላ እሷ ከእህቱ ዘንድ የምልክት ቋንቋ መማር ያዘች። ሌሎቹም ማንም ሳያስገድዳቸው ተከተሏት።

ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ብቅ ባልኩበት ቀን በረዶው የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበው ነበር። በር ላይ ሆኜ ሰላም ብል የራሴም ድምፅ አልተሰማኝም። እነሱ ግን ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በእጃቸው ይከራከራሉ። እሱ የጓደኛዬን ጣት ይዞ እያስተካከለ ይስቅባታል፤ እሷም ትስቃለች። እስኪያዩኝ ድረስ ቆሜ ተመለከትኳቸው።